ደብዳቤ ለልጄ፦ ሙድ፣ ጓደኛና የሒሳብ ውጤትሽ

ልጄ፣

ካርድሽን አይቼ ዝም ያልኩት ተናድጄ አይደለም። አፍ ለአፍ ስናወራ እኔ ማስተማር እጀምራለሁ፣ አንቺ አንገትሽን ትደፊያለሽ፤ ስለዚህ መጻፉ ይሻላል አልኩ። ሲመችሽ አንብቢው፣ ሲሰለችሽ አጥፊውና ነገ ቀጥዪ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ማስተማር እንጀራዬ ስለሆነ የምጽፍልሽ በእናትነት ብቻ አይደለም፤ ልጆች ክፍል ውስጥ ሙድ ሲይዙብሽ፣ ማለትም እየደጋገሙ ሲያላግጡብሽ፣ ውጤትሽ ለምን እንደሚወርድ የተጠናውንም አንብቤያለሁ።

ከካርዱ ልጀምር። ሰው ሁሉ የሚያየው ድምርና ደረጃ ነው። "ስንተኛ ወጣሽ?" ይባልና ነገሩ ያበቃል። እኔ ግን ዝርዝሩን ከሆም ሩም መምህርሽ ተቀብዬ ነጥቡ የት የት እንደጎደለ አየሁ። ሒሳብ ላይ የመጀመሪያው ቴስት ከ10 ዘጠኝ ነው። የቡድን ሥራ ከ10 አራት። የክፍል ተሳትፎ ከ5 አንድ። የቤት ሥራ ሁለት ጊዜ "አልሠራችም" ተብሏል፤ ሁለቱም የተሰጡት "ሆዴን አመመኝ" ብለሽ በቀረሽባቸው ቀኖች ነው። ፋይናል ላይ ከሳትሻቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹም ከዚያው ሳምንት ትምህርት የወጡ ናቸው። ሒሳብ ያልገባው ልጅ ውጤት እንዲህ አይወርድም፤ ያልገባው ልጅ ብቻውን በሚሠራው ቴስት ላይም ይወድቃል። ያንቺ የጎደለው ሌላ ሰው በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ነው።

ስለዚህ አስጠኚ አልቀጥርልሽም፤ ለጊዜው። የሚያስፈልግሽ ጓደኛ ነው። ይህን ስል ለማጽናኛ ብዬ አይደለም፣ ለሒሳቡም ጭምር ነው።

"እየቀለዱ ነው እኮ እማዬ" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። መፎጋገርና ሙድ መያዝ ግን አንድ አይደሉም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስዊድንና በኖርዌይ ትምህርት ቤቶች ይህን ነገር ያጠናው ዳን ኦልቬየስ ሦስት መለያ አስቀምጧል፤ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ የሁለቱ ወገን አቅም አይመጣጠንም። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ እንዳይመስልሽ። እነሱ አምስት ሆነው አንቺ ብቻሽን መሆንሽ፣ እነሱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እዚያው ግቢ ሲያድጉ አንቺ ከስድስተኛ ክፍል ፈተና በኋላ ሰፈር ቀይረን ዘንድሮ መግባትሽ፣ የክፍል አለቃዋ የእነሱ ወገን መሆኗ፣ ይሄ ሁሉ አቅም ነው። ፉገራ ከሆነ መልሰሽ ትፎግሪያለሽ፣ እነሱም አብረው ይስቃሉ። አንቺ ስትመልሺ ግን "ፋራ፣ ደግሞ ታኮርፋለች" ነው መልሱ። እንግዲያው ቀልድ አይደለም።

ብቻሽንም አይደለሽም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ በዓለም ዙሪያ ከተጠየቁት ተማሪዎች 32 በመቶው በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ክፍላችሁ 60 ልጅ ከያዘ፣ በዚህ ስሌት 19 ያህል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዢልኝ፤ ጓደኛ ስንፈልግ ይጠቅመናል።

አሁን ሙድ ነጥብ የሚበላበትን መንገድ ልንገርሽ። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሦስት እርምጃ ያለው ስሌት ሲሠሩ፣ ሁለተኛውን እርምጃ ለመረዳት አንደኛውን ይዘሽ መቆየት አለብሽ። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ማን እንደሳቀ፣ በምን እንደሳቀ፣ ደወል ሲደወል የት ሄደሽ እንደምትቆሚ የምታስቢ ከሆነ አንደኛው እርምጃ ያመልጥሻል። ቀሪው ሁሉ ከዚያ በኋላ ቻይንኛ ይሆናል። ከረፍት በፊት ያሉት የመጨረሻ ደቂቃዎችና ከረፍት መልስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ከሌላው ሰዓት ይልቅ የሚባክኑት በዚህ ምክንያት ነው። እስኪ ፕሮግራምሽን ተመልከቺው፤ ሒሳብ በሳምንት ሦስት ቀን ከረፍት ቀጥሎ ነው። እንግሊዝኛ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለሆነ ብዙም አልተነካም። ጭንቅላትሽ ሒሳብ ጠልቶ አይደለም።

ከዚያ እጅ አለማንሳት አለ። ስትሳሳቺ የሚያላግጡ ካሉ ዝም ማለት ብልህነት ይመስላል፤ ለዚያች ቀን ልክም ነው። ነገር ግን ሰኞ ያልተጠየቀ ጥያቄ ረቡዕ ላይ ሁለት ይሆናል፣ ሒሳብ ደግሞ የኋላው ካልገባ የፊቱ አይገባም። መቅረትም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን የቀረ ልጅ የሚጎዳው በዚያ ቀን ትምህርት ብቻ አይደለም። ደብተር የሚያውሰው ከሌለ በማግስቱ ሲመጣ መምህሩ "ትናንት እንዳየነው" ብለው ይቀጥላሉ፣ እሱ ግን ትናንት የለውም።

የቡድን ሥራውን ግን ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም መምህራን ይህን ነገር ሳናስተውለው ነው የምናደርገው። "በአምስት በአምስት ተቧደኑ!" ይባላል። ዴስኩ ይንጫጫል፣ ልጆች በዓይን ይጠራራሉ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። አንዲት ልጅ ብቻ አጎንብሳ ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶ የምትፈልግ ትመስላለች። እስክሪብቶው ጆሮዋ ላይ ተሰክቷል። መምህሩ ያዩዋትና "አንቺ እዚያ ግቢ" ይላሉ፤ የገባችበት ቡድን ያጉረመርማል፤ ሥራውን አራቱ ይከፋፈሉትና ለእሷ ሽፋኑን አስጊጣ እንድትጽፍ ይሰጧታል። በማቅረቢያው ቀን ጥያቄ ሲመጣባት መልስ የላትም፤ ሥራው አልነበራትማ። ከ10 አራት የሚመጣው እንዲህ ነው።

የመጨረሻውና ብዙ ሰው የማያስበው ራስን መውቀስ ነው። ሳንድራ ግራምና ያና ዩቮነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በሎስ አንጀለስ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያዩት ይህን ነው። "ይህ የደረሰብኝ እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ስለሆንኩ ነው" የሚሉት ልጆች የበለጠ ይጨነቃሉ፣ የበለጠ ብቸኝነት ይሰማቸዋል፣ ስለ ራሳቸውም ዝቅ ያለ ግምት አላቸው። "ያን ቀን የተሳሳተ ቦታ ቆሜ ነበር" ማለት ሌላ ነው፣ ቦታ ይቀየራል። "እኔ ፋራ ነኝ" ብለሽ ካመንሽ ግን የምትቀይሪው ነገር አይታይሽም። ለፈተና መዘጋጀትም ከንቱ ድካም ይመስልሻል።

እንግዲህ ጓደኛ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? ከምታስቢው በላይ።

አንደኛ፣ ከመመረጥ ያድናል። ሙድ የሚይዙ ልጆች የሚመርጡት ብቻዋን የቆመችውን ነው፤ አብሯት የሚቆም ከሌለ ዋጋ አያስከፍልማ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። እነሱም መልሰው "ጓደኛዬ ናት" የሚሏቸው አንድ የቅርብ ጓደኛ የነበራቸው ልጆች ላይ፣ ጥቃቱ ቢደርስባቸውም፣ የጭንቀትና የጠባይ ችግሩ እንደሌሎቹ አልተባባሰም። ልብ በይ፣ የተባለው አንድ ጓደኛ ነው፤ አጀብ አያስፈልግሽም። እና የሁለት ወገን ጓደኝነት ነው፤ አንቺ ብቻ "ጓደኛዬ" የምትያት አትቆጠርም።

ሁለተኛ፣ ሰውነትን ያረጋጋል። በሞንትሪያል በ103 የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አለ። ልጆቹ ለአራት ቀን፣ በቀን ደጋግመው፣ የሆነውን ይመዘግቡና ምራቃቸው ይወሰድ ነበር፣ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ለመለካት። መጥፎ ነገር ሲገጥማቸው የቅርብ ጓደኛቸው አጠገባቸው ካልነበረ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምትም ይወርዳል። አጠገባቸው ከነበረ ግን ለውጡ እጅግ ያነሰ ነበር። ከረፍት መልስ ሒሳብ ክፍል የምትገቢው የትኛውን ሰውነት ይዘሽ እንደሆነ አስቢው።

ሦስተኛውን ለማስረዳት ጥናት አያስፈልግም። ደብተር ታውሳለች፣ "የቤት ሥራው ገጽ 47 ነው" ብላ ትልካለች፣ ሲቧደኑ በዓይኗ ትጠራሻለች፣ ያልገባሽን መምህሩን ሳትጠይቂ ትጠይቂያታለሽ።

ሌላም ልጨምር። ቶሮንቶ ውስጥ ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት ሜዳን በካሜራና በድምፅ መቅጃ ቀርጸው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ጥቃት ሲፈጸም 88 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ፤ ጣልቃ የሚገቡት ግን በ19 በመቶው ብቻ። ጣልቃ ከገቡባቸው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አስር ሰከንድ! ጓደኛሽ መጣላት፣ መሳደብ፣ ጀግና መሆን አይጠበቅባትም። "ነይ እንሂድ፣ ደወል ሊደወል ነው" ብላ ክንድሽን መያዝ በቂ ነው። አንቺም ለሌላዋ እንዲሁ። እንዲያውም ስድብ ለስድብ ከተጋጠማችሁ ለተመልካቹ ትርኢት ትሆናላችሁ፣ መምህር ሲደርስ ደግሞ ሁለታችሁም ተሰልፋችሁ ዩኒት ሊደር ቢሮ ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ጓደኛ ሁሉ ውጤት አያነሳም፤ የሚጥልም አለ፣ ይህ ክፍል ለኔ ዋናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የወጣ የዴቪድ ሽዋርትዝና የባልደረቦቹ ጥናት በትክክል ይህንኑ ነበር የጠየቀው፤ በእኩዮቻቸው የሚጠቁ ልጆች ውጤታቸው ሁሉም ላይ ይወርዳል ወይ? አይወርድም። የወረደው ተደባዳቢና ተናካሽ ጓደኞች በበዛላቸው ወይም ረጋ ያሉ ጓደኞች ባነሷቸው ልጆች ላይ ነው። ምክንያቱ ብዙም አይርቅም። የሚጠቃ ልጅ ከለላ ሲፈልግ ኃይለኛ ይመርጣል። ኃይለኛዋ ከለላ ትሆንሻለች፤ ከዚያ የሷ ጠብ ያንቺ ጠብ ይሆናል፣ ክፍል ስትቀጣ አብረሽ ትቀጫለሽ፣ እሷ ስትፎርፍ አብረሽ ትፎርፊያለሽ። አንድ ቀን ደግሞ ፊቷን ወዳንቺ ታዞራለች፣ የምትፈሪውን ሁሉ አስቀድመሽ ነግረሻታል። ከላይኛው ክፍል "እኔ አለሁልሽ፣ ማንም አይነካሽም" የሚልሽ ወንድ ልጅ ካለም ከዚሁ መድቢው፣ ያውም የባሰ ነው። እሱን ወዲያው ንገሪኝ።

በቺፕስና በኩረጃ የተገዛች ጓደኛ ሌላዋ ናት። "አስኮርጂኝ፣ ከኛ ጋር ትቀመጫለሽ" ትባያለሽ። ለሁለት ሳምንት ሰላም ይሆናል። ከዚያ ፈተና ላይ ያስይዙሻል፣ ወረቀትሽ ይቀደዳል፣ ወይም እምቢ ያልሽ ቀን ከበፊቱ የባሰ ይመጣብሻል። "አስረጂኝ" ብላ ብትጠይቅሽ አስረጃት፣ በደንብ አስረጃት፤ ማስረዳት ላንቺም ጥናት ነው። ወረቀት ማሳየት ግን ጓደኝነት አይሆንም፣ ግብር ነው።

ሦስተኛዋ ይበልጥ የምታስቸግር ናት፣ ምክንያቱም ጥሩ ልጅ ናት። እሷም እንዳንቺ ሙድ ተይዞባታል፣ ትግባባላችሁ፣ ትተዛዘናላችሁ። አማንዳ ሮዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳየችው ጓደኛሞች አንዱን ብሶት ደጋግመው ሲያመነዥኩት ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል፤ ጓደኝነቱ ይጠብቃል፣ ጭንቀቱም ይብሳል። ይህ ደግሞ በሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለችዋን ጓደኛ አትሽሺያት፤ ከ60 ውስጥ ካሉት ከ19ኙ አንዷ ልትሆን ትችላለች፣ አንቺንም ከማንም በላይ ትረዳሻለች። ግን ደንብ አውጡ። እነሱ ያሉትንና ያደረጉትን ለማውራት 15 ደቂቃ፤ ከዚያ በኋላ ደብተር ይከፈታል ወይም ገመድ ይዘለላል። "ነገ ምን እናድርግ" የሚለው ወሬ አይገደብም፣ የሚገደበው "ደግሞ እኮ እንዲህ አለችኝ" የሚለው ነው።

ደረጃ የምትወጣ ልጅ ፈልጊ አላልኩሽም። ወላጆች "ከጎበዝ ጋር ሁኚ" ማለት እንወዳለን፣ እኔ ግን ብዙም አላምንበትም። አንደኛ የምትወጣዋ ልጅ ጓደኛ አያስፈልጋት ይሆናል፣ ወይም ደብተሯን ትደብቅ ይሆናል። የምትፈልጊያት አስራ አምስተኛም ትውጣ ሠላሳኛ፣ ትምህርት ቤት በሰዓቱ የምትመጣ፣ ስለ ሌላ ሰው ስታወራ የማታላግጥ፣ ስትጠሪያት የምትዞር ልጅ ናት።

እንዴት ትገኛለች? በልመና አይደለም፣ "ጓደኛ እንሁን?" በማለትም አይደለም። ለሦስት ቀን ዝም ብለሽ እዪ። ሲስቁ የማትስቅ ማን ናት? ስትወጪ አብራሽ ወደ አንድ አቅጣጫ የምትሄድ ማን ናት? ረፍት ላይ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ የምትቆመውስ? ሁለት ወይም ሦስት ስም ይበቃል። ከዚያ ትንሽና ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂ፤ "የትናንቱን የአጠቃላይ ሳይንስ ኖት ፎቶ ላንሳው?" ትልቅ ውለታ ሰውን ያሸሻል፣ ትንሽ ውለታ ያቀርባል። በማግስቱ አንቺ የምትሰጪው ነገር ይኑርሽ፣ ላፒስም ቢሆን፣ የሒሳብ መልስ ማመሳከርም ቢሆን። አንዷ ዘወር ካለች ወደ ሁለተኛዋ እለፊ፤ ከአንድ "እምቢ" በኋላ መሸሽ ነው ብዙዎቹን ብቻቸውን የሚያስቀራቸው።

የልብሽን ምስጢር በመጀመሪያው ሳምንት አትንገሪ። ሰው የሚቀራረበው መጀመሪያ አብሮ በመሥራት ነው፣ ምስጢር በኋላ ይመጣል። ለዚህ ክበብ ይመቻል። ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚነበበውን ማዘጋጀት፣ ወይም የቤተ መጻሕፍት ተራ መያዝ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሥራው ራሱ ወሬ ይሰጣችኋል፣ ረፍት ላይም ሜዳ ከመቆም ያድንሻል። ሰንበት ትምህርት ቤት ያሉትን ልጆችም አትርሺ። ከክፍል ውጭ ያለች ጓደኛ ሲቧደኑ አትጠራሽም፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን "እኔ የምወደድ ሰው ነኝ" የሚለውን ይዘሽ ሰኞ ትገቢያለሽ።

መጀመሪያ ላይ ደግሞ እነሱ በማያዩበት ቦታ ይሁን። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ አንዲት ልጅ ወዳንቺ ስትቀርብ "ከሷ ጋር ከሄድሽ አንቺም" ትባላለች፣ ልጅቷም ትርቃለች። ያቺ ኅዳር ላይ ድንገት ሰላምታ ያቆመችሽ ልጅ ጠልታሽ ላይሆን ይችላል፣ ፈርታ ነው የሚመስለኝ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ መንገድ ላይ፣ ቤታችን ከሆነ የምትከፍለው ዋጋ የለም። እግራችሁ ሲጠና ረፍት ላይም አብራችሁ ትቆማላችሁ።

ጊዜ እንደሚወስድም እወቂ፣ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት "አልሆነም" ትያለሽ። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ትልልቅ ሰዎችንና አዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ከመተዋወቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። የአንቺ ዕድሜ ልጆች ላይ የተሠራ ባይሆንም ለግምት ይሆነናል። ረፍት 20 ደቂቃ፣ ወደ ቤት መንገድ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 3 ሰዓት ከ20 ነው። በዚህ ፍጥነት 15 ሳምንት ይፈጃል፣ አንድ መንፈቅ ዓመት ማለት ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አብራችሁ ብታጠኑ በሳምንት 5 ሰዓት ከ20 ይሆንና ወደ ዘጠኝ ተኩል ሳምንት ይወርዳል። ቅዳሜን የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ጥናቱ እንዲህ ይሁን። ለአንድ ምዕራፍ 45 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃ ደብተር ተዘግቶ አንዷ ለሌላዋ የሳምንቱን ትምህርት ትናገራለች፣ አምስት ደቂቃ አምስት ደቂቃ። የጠፋባችሁን በእርሳስ ጻፉት። ቀጥሎ 25 ደቂቃ በየራሳችሁ ጥያቄ ትሠራላችሁ፣ ሳትነጋገሩ፤ ስድስት ጥያቄ ይበቃል። በመጨረሻው 10 ደቂቃ መልስ ታመሳክራላችሁ። የተለያየ መልስ ካላችሁ ማን ልክ እንደሆነ መጽሐፉን ከማየታችሁ በፊት ተከራከሩ። ይህ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ነው። አንዷ ሁልጊዜ አስተማሪ ሌላዋ ሁልጊዜ ተማሪ ስትሆን፣ ተማሪዋ ትሰለቻለች፤ ስለዚህ አንቺ ሒሳቡን ካስረዳሽ እሷ እንግሊዝኛውን ወይም አፋን ኦሮሞውን ታስረዳ። ሁለተኛው ስልክ ነው፣ እሱን እኔ ጋ ታስቀምጡታላችሁ።

ስልክ ካነሳሁ አይቀር፣ ከክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ እንዳስወጡሽ አውቄያለሁ። የቤት ሥራው እዚያ ስለሚለጠፍ ይህ ከስድቡ ይልቅ ነጥብሽን ይጎዳል። አስገቡኝ ብለሽ አትለምኚ። ማስታወቂያው ለሁሉም እኩል የሚደርስበት መንገድ እንዲኖር መጠየቅ የኔ ሥራ ነው፤ እስከዚያው ከመረጥሻቸው ልጆች አንዷ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። ስለ አንቺ የሚጻፈውን ሰው ቢልክልሽ ስክሪንሾት አድርገሽ ወደኔ አስተላልፊው፣ መልስ አትጻፊ፣ በተለይ ማታ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩ ሳሎን ያድራል፤ የተነበበ ስድብ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ደግሞ ጠዋት ምንም አይዝም።

ጓደኛ የማይፈታው ነገርም አለ። መምታት፣ ገንዘብ ወይም ምሳ መንጠቅ፣ ልብስ መጎተት፣ ያልፈቀድሽውን መንካት፣ ማስፈራራት፣ እነዚህን ሁለት የ13 ዓመት ልጆች አይችሏቸውም፣ መቻልም የለባቸውም። በዚያው ቀን ለኔ፣ እኔ ከሌለሁ ለአባትሽ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ለሆም ሩም መምህርሽ ወይም ለሥርዓተ ፆታ ክበቧ መምህርት። መናገር ማሳበቅ አይደለም፤ ማሳበቅ ሰው እንዲቀጣ ነው፣ ይሄ ሰው እንዲድን ነው። ቀለል ላለው ደግሞ ከደብተርሽ ጀርባ ሦስት መስመር ጻፊ፤ ቀንና ሰዓት፣ ቦታና የተባለው ቃል እንዳለ፣ ማን ማን እንደነበረ። "ሁልጊዜ ይሰድቡኛል" ሲባል መምህር "እሺ እናያለን" ይላል። "ማክሰኞ በ4 ሰዓት ከ20፣ ቧንቧው ጋ፣ እነ እገሌ ባሉበት" ሲባል ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል። ይህን ከመምህር ወገን ሆኜ ነው የምነግርሽ።

እኔ ሐሙስ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አትደንግጪ፣ ሰልፍ ላይ ስምሽ አይጠራም፣ ልጆቹንም ፊት ለፊት አላጋጥምሽም፤ ሁለት ወገንን አቀራርቦ "ታረቁ" ማስባል አቅሙ ባልተመጣጠነ ነገር ላይ አይሠራም፣ ወጥተው ይበቀላሉ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው መቀመጫ ነው፤ የሁሉም ተማሪ መቀመጫ ተቀይሮ አንቺ ከመረጥሻቸው ከአንዷ ጎን እንድትሆኚ፣ አንቺ ብቻ ከተቀየርሽ ግን ሌላ ሙድ ይሆናል። ሁለተኛው ቡድን መምህሩ ራሳቸው እንዲመድቡና የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ ወረቀቱ ላይ በስም እንዲጻፍ ነው። "ተቧደኑ" መባሉ ከቀረ ያንቺ ብቻ ሳይሆን የሌሎችም ልጆች ነጥብ ይተርፋል።

ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሚድ በፊት ደረጃሽን አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ በሳምንት ስንት ጊዜ እጅሽን እንዳነሳሽ ነው፤ ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃኛል፣ ያውም መልሱን እርግጠኛ በሆንሽበት ጥያቄ ላይ።

አሁን ካንቺ የምፈልገው ሁለት ስም ነው። እስከ ረቡዕ ማታ ጻፊና ፍሪጁ ላይ ለጥፊልኝ፣ ቁጭ ብለን ማውራት ካልፈለግሽ አናወራም። ለቅዳሜ የምትመጣውን ልጅ እናት እኔ ደውዬ አስፈቅዳለሁ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት፤ ሲያበቃ እስከ ቤቷ እሸኛታለሁ።

እናትሽ